ደክሟት የፈረመችው አዋላጅ

ሃልደን ተራራው ጥግ ላይ የተበተነች መንደር ናት። ቤቶቿ ተራርቀው ስለተሠሩ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በጭስ ማውጫውና በላሞቹ ደወል ነው። ኦቲሊያ ማንዘር ግን የሁሉንም ቤት ጓዳ ታውቅ ነበር፤ አዋላጅ ነበረቻ። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፣ ክረምቱ ረጅም ነው፣ በረዶ ሲጥል መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ምጥ የያዛት ሴት ከእመቤታችን ቀጥላ የምትጠራው ኦቲሊያን ነበር። እሷም የቆዳ ቦርሳዋን አንግታ፣ በእግርም ይሁን በወተት ጋሪ፣ ከተፍ ትላለች።

አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሴት ነበረች። ምላሷ ስለት ነው። በዚያ አገር ቀልድ የማያውቅ ሰው ጥርስ እንደሌለው ሰው ይታዘንለታልና ይህ እንደ ነውር አይቆጠርባትም ነበር። የእግሯ ደም ሥሮች ገና በወጣትነቷ አብጠዋል፤ ወገቧን ካልደገፈች ቀና አትልም። «ኦቲሊያ፣ እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ቆሜአለሁ» ትላለች። ሌላ መልስ ከእሷ የሰማ የለም።

ባሏ አልበርት በርሜል ሠሪ ነበር፤ ዝምተኛና ደግ፣ ጠብ የማይወድ። የዚያን ጊዜ ሕግ ባል እምቢ ካለ ሚስት ከቤት ውጭ መሥራት አትችልም ነበርና፣ ሲጋቡ ሥራዋን እንድትቀጥል የፈቀደላት እሱ ነው።

«እምቢ ብልሽስ?» አላት እየሳቀ።

«እንግዲያ ቦርሳውን ያዝና አንተ አዋልድ» አለችው። እሱም ቶሎ ፈቀደ።

እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። የሰውን ልጅ ሁሉ ስትቀበል የኖረችው ሴት የራሷን ሳትስም ቀረች። ስለዚህ ነገር ግን አታወራም፤ ያወራባትም የለም።

በሚያዝያ የመጨረሻ እሑድ የአውራጃው ወንዶች ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጎራዴያቸውን ታጥቀው ወደ ዋናው ከተማ አደባባይ ይወርዳሉ። አገሩ የሚተዳደረው እዚያ ነው። ሹም የሚመረጠው፣ ሕግ የሚወጣው፣ መንገድ የሚቀየሰው እጅ በማውጣት ነው። ጎራዴ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጎራዴው ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ የመምረጫ ማስረጃ ነው። ሴቶቹ በመስኮትና በሰገነት ሆነው ጥቂት ያዩና ወደ ምድጃቸው ይመለሳሉ። አገር መርቶ የሚመጣ ወንድ ይርበዋላ።

ኦቲሊያ ወጣት ሳለች ይህ አልከነከናትም። ተራራው ለምን እዚያ ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? ነገሩ መቆርቆር የጀመራት፣ የጎረቤት አውራጃዎች አንድ በአንድ ለሴቶቻቸው ሲፈቅዱ፣ ኋላም የመላ አገሪቱ ወንዶች ድምፅ ሰጥተው ሴት በርን ላለው የአገሪቱ ምክር ቤት መምረጥ ትችላለች ብለው ሲወስኑ ነው። እሷ ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነበር። ለመላው አገር ትመርጣለች፤ በደጇ ለሚያልፈው መንገድ ግን አፍ የላትም።

«በርን ላይ ዜጋ ነኝ፣ ሃልደን ስመለስ ማንኪያ ነኝ» ትል ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጉዳዩ በአውራጃው አደባባይ ቀረበ። ያን እሑድ ኦቲሊያን የሚጠራ ምጥ አልነበረምና ወርዳ ከዳቦ ቤቱ መስኮት ሆና ተመለከተች። ሊቀ መንበሩ «ሴቶች በዚህ ጉባኤ ይሳተፉ የምትሉ» ሲል፣ ያን ሁሉ ጥቁር ልብስ በዓይኗ ቃኘች። እዚህ አንድ እጅ፣ እዚያ አንድ እጅ። አልበርትን ፈልጋ አገኘችው፤ በአይብ ሠሪው በባፕቲስት ዶሪግና በባፕቲስት ወንድም መካከል ቆሟል። ሁለቱም እጆቹ የጎራዴውን እጀታ ይዘዋል።

ቀጥሎ «የማትፈልጉ» ሲባል የእጅ ጫካ በቀለ። እያንዳንዱን እጅ ማለት ይቻላል ታውቀዋለች። ገና ሎሚ ሲያህል፣ ሰማያዊ ሆኖ ሲጨበጥ፣ በሙቅ ውሃ ያጠበችው እጅ ነው።

ማታ ሾርባውን አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አልበርት፣ ዛሬ ክንድህን አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ ምነው?»

«ከዳቦ ቤቱ መስኮት ሆኜ አየሁህ።»

አልበርት ማንኪያውን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ። «ለተቃውሞውም እኮ አላነሳሁም» አለ።

«ለአንዱም አላነሳህም።»

«ባፕቲስት በግራዬ ነበር፤ ወንድሙ በቀኜ። ከፊቴም ከኋላዬም አንድ እጅ አልተነሳም። ብቻዬን ምን ልሁን?»

«ብቻህን አልበርት ትሆን ነበራ።»

«በሚቀጥለው ጊዜ» አለ ወደ ሳህኑ እያየ።

«እሺ። ሾርባህ እንዳይቀዘቅዝ።»

መቆጣት እንደነበረባት ታውቅ ነበር። ግን በማግሥቱ ተራራው ላይ ሁለት ምጥ ይጠብቃታል፤ ጠብ ደግሞ እንቅልፍ ይሻማል። አልጋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እሱም እንዳልተኛ ታውቅ ነበር።

ባፕቲስት ዶሪግ የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ሰባት ልጆቹን ኦቲሊያ ነች የተቀበለችለት፤ በየገናው አይብ ይልክላታል። «ሴት የቤት ምሰሶ ናት» ይላል፤ «ምሰሶ ከቤት ወጥቶ አደባባይ ቢቆም ቤቱ ይወድቃል።» ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ የሚለውን ከልቡ ያምንበት ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጉዳዩ እንደገና ቀረበ፤ ወንዶቹም እንደገና አይሆንም አሉ። ያን ጊዜ አውራጃው ሴቶቹን የሚከለክል የአገሪቱ የመጨረሻ ለመሆን አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበርና ከትልቁ ከተማ ከዙሪክ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተዋል። አንዱ ወጣት ጋዜጠኛ ማይክራፎን ይዞ ከዳቦ ቤቱ ስትወጣ ያዛት።

«ወይዘሮ፣ ውጤቱ አስገረመዎት?»

ኦቲሊያ እግሯን እያመማት ነበር፤ አውቶቡሱም ሊያመልጣት ነው። «የኔ ልጅ፣ እኔ አዋላጅ ነኝ» አለችው። «እዚያ ከቆሙት ግማሾቹን ጭንቅላታቸውን ይዤ ያወጣሁ እኔ ነኝ። ዛሬ ሳያቸው ግን፣ ያኔ ጭንቅላቱን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ማየት ነበረብኝ አልኩ።»

ጋዜጠኛው ሳቀ። አገሩ ሁሉ በማግሥቱ ሳቀ። ሃልደን ግን አልሳቀችም። የቤት ውስጥ ቀልድ በቤት ውስጥ ይሳቅለታል፤ ዙሪክ ከሳቀበት ግን ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ይሆናል። መጠጥ ቤት ውስጥ አልበርትን «ሚስትህ ያንተን ውስጥ አይታዋለች ወይስ ባዶ ነው ብላ ነው ያገባችህ?» እያሉ አሾፉበት። ሳምንት ሳይሞላ ባፕቲስት ራሱ መጣ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«ምክር ቤቱ ተነጋግሮ ነበር» አለ። «ዘመኑ ተለውጧል፣ ሐኪም ቤቱም ዘምኗል። ከእንግዲህ እናቶች ወደዚያው ቢሄዱ ይሻላል ብለናል። አንቺም ደክመሻል።»

«ደክሜአለሁ» አለች ኦቲሊያ።

«ቅር እንዳይልሽ።»

«ባፕቲስት፣ ቅር ብሎኛል። ግባና ቡና ጠጣ፣ ወይም በሩን ዝጋ፤ ብርድ እየገባ ነው።»

በሩን ዘግቶ ሄደ።

መጀመሪያ ተኛች። ዕድሜዋን ሙሉ ያጣችውን እንቅልፍ በአንድ በጋ የምትመልሰው ይመስል ተኛች። ከዚያ ስትነቃ እጆቿ ሥራ ፈተው ጭኗ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጎመን ተከለች፣ ካልሲ ሠራች፣ የአልበርትን የሥራ ክፍል ጠረገች፤ እሱም መጥረጊያውን ከእጇ ቀምቶ «እባክሽ፣ መሣሪያዎቼ የት እንደገቡ አጣሁ» አላት። መንገድ ላይ ያረገዘች ሴት ስታይ ዓይኗ ሳታዝዘው ሆዷን ይመዝናል፤ ሴቲቱ ግን ቀና ሳትል ታልፋለች። ይህ ከምክር ቤቱ ውሳኔ ይልቅ አንጀቷን በላው።

በየካቲት ከባድ በረዶ ጣለ። ከሰዓት በፊት ነው፤ ኦቲሊያ ከመስኮቱ ስትመለከት አንድ ሰው እስከ ጉልበቱ በበረዶ ተውጦ ሽቅብ ሲታገል አየች። ባፕቲስት ነበር። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ክላራ ናት» አለ። ክላራ የመጨረሻ ልጁ ሚስት ናት። «ጠዋት ጀመራት።»

«ሐኪም ቤት ውሰዷታ። ወስናችሁ የለ?»

«መንገዱ ተዘግቷል። የበረዶ መጥረጊያ መኪናውም ከታች ተገልብጧል። ልጁ ደግሞ የመጣው በጭንቅላቱ አይመስለኝም፤ እኔ በላም ሳየው...»

«ላም አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። ሽበቱ በላብ ተጣብቋል። «ኦቲሊያ፣ እለምንሻለሁ።»

ያን ሁሉ ወር ይህች ቀን ብትመጣ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር የከረመችው። ጥሩ ጥሩ ነገሮች ነበሩ። አሁን አንዱም ትዝ አላላትም። ቂምም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ጉልበት አልነበራትም። ጫማዋን እያሰረች ራሷን አገኘችው።

«ቦርሳውን ያዝ» አለችው። «ከፊት ከፊት ሂድና በረዶውን ጣስልኝ።»

ልጁ በመቀመጫው ነበር የሚመጣው። ክላራ ገና ሃያ ዓመቷ ነው፤ ፍርሃት ዓይኗን አፍጥጦታል። ኦቲሊያ እጇን በሙቅ ውሃ አሸች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት፣ ከዚያም የክላራን አማትና ባሏን ከክፍሉ አባረረች። «ላዋልድ ነው እንጂ ሰልፍ ልመራ አልመጣሁም» አለች። እንዲህ ባለ ምጥ ከባዱ ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። መቀመጫው ይወጣል፣ ወገቡ ይወጣል፤ የሰው እጅ ለመሳብ ይቸኩላል፤ የሳበ ደግሞ ጭንቅላቱን ያስይዛል። ኦቲሊያ የሞቀ ፎጣ ይዛ ጠበቀች። «ግፊ። በቃ፣ ተንፍሺ። ስድብም ካማረሽ ስደቢ፤ አማትሽ ውጭ ናት።» ክላራ በምጡ መሃል ሳቀች፣ ሳቋም ጩኸት ሆነ፤ ልጁም ትከሻው ወጣ፣ ቀስ ብሎ ጭንቅላቱ ተከተለ። ሴት ናት። ሕፃኗ ጮኸች።

ባፕቲስት ማዕድ ቤት ውስጥ ቆሞ ነበር። ኦቲሊያ እጇን ስትታጠብ ፎጣ አቀበላት።

«ለምክር ቤቱ እነግራለሁ» አለ። «ሥራሽ ይመለስልሻል።»

«ለክላራ ነው የመጣሁት፤ ለምክር ቤቱ አይደለም።»

«ይሁን። ግን ይመለስልሻል።»

«ባፕቲስት፣ ሴት ናት የተወለደችው።»

«አይቻለሁ። ታምራለች።»

«እሷስ ስታድግ ምሰሶ ነው የምትሆነው?»

ባፕቲስት ፎጣውን አጣጥፎ በቦታው ሰቀለ። «አንቺ ሌላ ነሽ፣ አደባባዩ ሌላ ነው» አለ። «ሁለቱን አታቀላቅዪብኝ።»

ሥራዋ ተመለሰላት፤ ተተኪ እስኪገኝ ተብሎ። ተተኪ ግን አልተገኘምና ጡረታ እስክትወጣ ሠራች። ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ የጋብቻው ሕግ ተለወጠና ሚስት ለሥራ የባሏ ፈቃድ አያስፈልጋትም ተባለ። ኦቲሊያ ያን ቀን እግሯን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ ተቀምጣ ነበር።

«አልበርት፣ ከዛሬ ጀምሮ ያላንተ ፈቃድ እሠራለሁ» አለችው።

«ምኑን?»

«ምኑም የለም። ፈቃዱ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ኦቲሊያም ውሃው ስለቀዘቀዘባት እግሯን አውጥታ አደረቀች።

ሴቶች ይግቡ የሚለው ጉዳይ ለመጨረሻ ጊዜ ለወንዶቹ ሲቀርብ አልበርት በከዘራ ነበር የሚሄደው። ኦቲሊያ እዚያው ዳቦ ቤት መስኮት ላይ ቆማ፣ አንዲት ቀጭን ክንድ ከከዘራ ጋር ወደ ላይ ስትወጣ አየች። ከዘራው ከእጆቹ ሁሉ በላይ ይታይ ነበር። በዙሪያውም ከድሮው የበለጡ ብዙ እጆች ተነሥተዋል። ግን አልበቁም። ባፕቲስት ከአጠገቡ ቆሞ፣ ለተቃውሞው እጁን ሲያነሳ ወደ አልበርት አላየም።

ቤት ሲገቡ አልበርት ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። «አየሽኝ?» አለ።

«አየሁህ።»

«እና?»

«ዘገየህ፣ የኔ ጌታ። ግን አየሁህ።» ከዘራውን ከእጁ ተቀብላ ጥግ አስደገፈችው፤ ጭንቅላቱንም ዳሰስ አድርጋው አለፈች።

በዚያው ሳምንት ቭሬኒ ዶሪግ መጣች። ቭሬኒ የባፕቲስት አራተኛ ልጅ፣ የመንደሩ አስተማሪ ናት። እሷም ብትሆን በኦቲሊያ እጅ ነው የተወለደችው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋች። አውራጃውን ሎዛን ባለው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊከሱ ነው፤ ሴቶችም ወንዶችም እየፈረሙ ነበር።

«እማማ ኦቲሊያ፣ የእርስዎ ስም ካለበት ሌሎቹም አይፈሩም» አለች።

«ስሜን ተዪው፣ ልጄ። ስሜም ደክሞታል።»

«ሕገ መንግሥቱ ላይ እኮ ወንድና ሴት በሕግ እኩል ናቸው ተብሎ ከተጻፈ ቆየ። ከዚያ በፊት ደግሞ አውሮፓ በሙሉ ስለ ሰው ልጅ መብት ውል አስሯል። ከዚያም በፊት ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ሲጥሉ፣ ሰው ሁሉ ነፃና እኩል ሆኖ ይወለዳል ብለው ጽፈዋል። ሁለት መቶ ዓመት ሆነው!»

«እኩል ሆኖ ይወለዳል አሉ?»

«አዎ።»

«ሲወለድ አይተው ያውቃሉ?»

ቭሬኒ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ኦቲሊያ። «እውነታቸውን ነው። ሁሉም በደም ተነክሮ፣ እየጮኸ ነው የሚመጣው፤ የሹም ልጅም የእረኛ ልጅም። ልዩነቱ የሚጀምረው ፎጣው ላይ ነው፤ አባትየው መጥቶ ወንድ ነው ሴት ብሎ ሲጠይቅ። ለመሆኑ ፈረንሳዮቹ ያንን ሲጽፉ ሴቶቹ የት ነበሩ?»

«ምሳ እየሠሩ ይሆናል።»

«አልሽ? ያው እንደኛ ናቸው።» ኦቲሊያ ወረቀቱን መልሳ ገፋችላት። «ሦስት ጊዜ ከዚያ መስኮት ላይ ቆሜ አይሆንም ሲሉኝ ሰምቻለሁ። አራተኛ መስማት አልፈልግም። ሂጂ፣ የኔ ቆንጆ፤ ወጣት የሆነ ይፈርም።»

ቭሬኒ አልተከራከረችም። ወረቀቱን ግን ትታው ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ባፕቲስት መጣ። አንድ ሙሉ ድቡልቡል አይብ ተሸክሟል፤ ገና አልነበረም። ተቀመጠ፣ ቡናውንም ጠጣ፣ ስለ ክላራ ልጅ አወራ፤ ትምህርት ቤት ገብታለች። ኦቲሊያ ጠበቀችው። ነገር እንደ ልጅ ነው፤ ሲደርስ ይወጣል።

«ቭሬኒ ትሰማሻለች» አለ በመጨረሻ። «ምከሪያት። እኛው በራሳችን ጊዜ እንሰጣችኋለን። ከሎዛን በትእዛዝ ከመጣ ግን አደባባዩ ሞተ ማለት ነው። ከአያቶቻችን የተረከብነው ነው።»

«በራሳችሁ ጊዜ ማለት መቼ?»

«ሰው ሲለምደው።»

«መቼ ነው የሚለምደው?»

«ይለምደዋል ስልሽ! ምን ያስቸኩልሻል? አሁን አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ምን ይጨምርልሻል?»

ኦቲሊያ ስኒዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሊሰድባት አለመሆኑን ታውቃለች። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ያ ነው ያደከማት። አያቷ መስኮት ላይ ቆመዋል፣ እናቷ ቆማለች፣ እሷ ቆማለች፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ ደግ ሰው ቡና እየጠጣ ምን ያስቸኩልሻል ብሏቸዋል። ደግሞም በሚመጣው ሚያዝያ እንደገና መውረድ፣ እንደገና እጆቹን ማየት፣ እንደገና ሾርባ ማሞቅ... ይህን ስታስበው አጥንቷ ድረስ ዛለች።

ተነሥታ ቭሬኒ የተወችውን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣች። ባፕቲስት እያየ፣ ቆማ፣ ስሟን ጻፈች።

«ይህን በእልህ አታድርጊው» አለ፤ ፊቱ ገርጥቷል።

«እልህ የለኝም። ደክሞኝ ነው። መጠበቅ ደከመኝ፣ ባፕቲስት።»

አይቡን ትቶት ሄደ። ያን ሰሞን ስልክ እየደወሉ ሳይናገሩ የሚዘጉ ነበሩ፤ አንድ ጠዋትም ደጃፏ ላይ የላም እበት ተከምሮ አገኘች። በአካፋ ዝቃ ጎመኗ ላይ ጨመረችው። ጎመኑም ያን ዓመት ሰመረ።

በመከር አልበርት ወደቀ። ግራ ጎኑ ከዳው፣ አፉም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ስለዚህ በኅዳር ሬዲዮው ከሎዛን የመጣውን ፍርድ ሲያነብ ኦቲሊያ ማንኪያ ይዛ ባሏን እያበላች ነበር። ዳኞቹ አውራጃው ሴቶቹን መከልከል አይችልም ብለዋል፤ ከእንግዲህ ወንዶቹን መጠየቅም አያስፈልግም።

አልበርት በጎደለ አንደበቱ «እን... ኳን ደስ ያለሽ» አለ።

«አፍህን ክፈት» አለችው፤ «ሾርባው እየፈሰሰ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ቭሬኒ ነበረች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሌሎች ሴቶችም ከኋላዋ ይጮኻሉ። ኑና አብረን እናክብር አለች። ኦቲሊያ አልበርትን ጥዬ አልወጣም አለቻት፤ እውነትም ነበር። ስልኩን ዘግታ ወደ ምድጃው ተመለሰች። ደስታው ይመጣል ብላ ጠበቀች። እናቷን አሰበች፤ አያቷን አሰበች። የመጣው ግን እንቅልፍ ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ እሑድ የክላራ ባል በመኪና ወሰዳት። ክላራም አብራ ነበረች። ሰማዩ ደመናማ ነው፣ ድንጋዩም ቀዝቃዛ። ወንዶቹ ጎራዴያቸውን ታጥቀዋል፤ ሴቶቹ የተሰጣቸውን ካርድ አሳይተው ገቡ። ማንም አልጮኸባቸውም። አንዳንዱ ወንድ ሰላም አለ፣ አንዳንዱም ጫማውን አየ። ኦቲሊያ የምትቆምበትን ቦታ ሳትመርጥ ቆመች፤ ቀና ብትል ባፕቲስት አጠገቧ ነው።

«እንደምን ነሽ?»

«ቆሜአለሁ።»

«ገና ብዙ ትቆሚያለሽ፤ ንግግሩ ረጅም ነው።»

ሹማምንቱ ተመረጡ፣ መሐላው ተፈጸመ። ከዚያ አንድ የሕግ ማሻሻያ ቀረበ፤ አንቀጹ ብዙ፣ ቃሉ ጠማማ። ኦቲሊያ ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ አንብባው አልገባትም ነበር።

«ይሄ ደግሞ ስለ ምንድን ነው?» አለች በሹክሹክታ።

ባፕቲስት ዙሪያውን አየና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «እኔ ምን አውቄ! ዕድሜ ልኬን ከፊቴ ያለውን እያየሁ ነው የማነሳው። አንቺ በመጀመሪያ ቀንሽ ልታውቂ ነው?»

ሳቅ አመለጣት። ከፊታቸው የቆመው ሰው ዞሮ ገላመጣቸው። ያ ሕግ ሲያልፍ ኦቲሊያ እጇን አላነሳችም፤ ባፕቲስት ግን አነሳ።

ቀጥሎ ከዋናው ከተማ ወደ ሃልደን የሚወጣው መንገድ ይስፋ ወይስ ይቅር የሚለው መጣ። ይህን ታውቀዋለች። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተንሸራተተች፣ ስንት ምጥ ሊያመልጣት እንደነበር ራሷ ነች የምታውቀው። ይስፋ የምትሉ ሲባል እጇን አነሳች። ምንም አልሆነም፤ ሰማይ አልተከፈተም፣ ልቧም አልዘለለም። ክንዷ ብቻ በረዳት። ይቅር ያሉት በዙና መንገዱ ቀረ። ኦቲሊያ ተናደደች። ከጠዋት ጀምሮ የተሰማት የመጀመሪያው ስሜት ይኸው ንዴት ነበር።

ሲበተኑ ቭሬኒ እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት። «እማማ ኦቲሊያ፣ ኑ፤ ሁላችንም ሆቴሉ ጋ እየተሰበሰብን ነው!»

«እኔ ጫማዬን ማውለቅ ነው የምፈልገው፣ ልጄ። እናንተ ጠጡ። ለኔም ጠጡልኝ።»

አልበርት መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሲጠብቃት ነበር። ጎረቤታቸው ድንች ቀቅላ ትታላቸዋለች። ኦቲሊያ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ ድንቹን መላጥ ያዘች።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?» አለ። አንደበቱ ትንሽ ተመልሶለታል።

«ተሸነፍኩ።»

«በምን?»

«በመንገዱ። ይቅር አሉ።»

«እንኳን ቀረ!» አለ አልበርት።

ኦቲሊያ ቢላዋውን ይዛ ቀና አለች። «እንኳን ቀረ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ቢሰፋ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ነው የሚያመጣብን። እኔም ብሆን ይቅር ነበር የምለው።»

«በኔ ላይ?»

«በመንገዱ ላይ።»

«አንተ እኮ በዚያ መንገድ በክረምት ወጥተህ አታውቅም! በርሜልህን አቅፈህ ቤት ቁጭ ብለህ ነው የኖርከው!»

«እና በርሜል የሚሠራ ሰው ስለ መንገድ አያውቅም? አንቺ ዛሬ አንድ ቀን እጅሽን ብታነሺ...»

«አንድ ቀን ነው? አንድ ቀን ነው የምትለኝ?»

አልበርት በደህናው እጁ ጠረጴዛውን መታ፤ እሷም በቢላዋው እጀታ መታች። ስለ ድልድዩ ተነሣ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃው ተነሣ፣ የባፕቲስት ወንድም መሬቱ እንዳይነካ ሲል እንዳሳደመባቸው ተነሣ። ጎረቤቲቱ ጩኸቱን ሰምታ በሩን ከፈት አድርጋ አየችና፣ ሰዎቹ በሰላም ነው የሚጣሉት ብላ መልሳ ዘጋችው።

አልበርት ገና ስለ አውቶቡሶቹ ሲያስረዳ የኦቲሊያ አገጭ ደረቷ ላይ ወደቀ። ግማሽ የተላጠ ድንች በእጇ ነበር። እሱ ግን አላቆመም፤ ድምፁን ብቻ ዝቅ አድርጎ፣ በተጣመመ አፉ፣ መንገዱ ለምን መስፋት እንደሌለበት አንድ በአንድ ሲነግራት አመሸ።